አስታማሚ ሲፈራረቅ መረጃው እንዳይጠፋ

ታማሚ ሆስፒታል ተኝቶ ቤተሰብ በተራ ሲያስታምም የማታው አስታማሚ ያየውን የቀኑ አያውቅም። ጠዋት ሐኪሞቹ ለራውንድ (ታማሚዎችን እየዞሩ ለማየት) ሲመጡ "ሌሊት ትኩሳት ነበረው? ስንት ጊዜ ሸና? ምግብስ ቀመሰ?" ይላሉ። ያደረው ሰው ደግሞ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል።

አንድ ደብተር ከነእስክሪብቶው በክር አስራችሁ ኮመዲኖው ላይ አኑሩ። (ያልታሰረ እስክሪብቶ አይቆይም፤ ከአልጋ አልጋ ሲዞር ይጠፋል።) ተረኛው ሰዓት እየጠቀሰ ታማሚው የበላውን፣ የጠጣውን፣ ያስመለሰውን፣ ከውጭ የተገዛውን መድኃኒት ስምና ስንት እንደቀረ፣ ሐኪሙ የሚጠየቀውንም ይጻፍ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተከለከለውን በትልቁ ጻፉ። ጠያቂ መቼም ጁስ ሳይዝ አይመጣም፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ ፈሳሽ በልክ ብቻ ሊፈቀድለት ይችላል። "በሞቴ፣ ትንሽ ጠጣ" የሚል ዘመድ ፊት ታማሚው እምቢ ለማለት ያፍራል፤ ጽሑፉ ግን አያፍርም።

ታማሚው እንዲታወቅበት የማይፈልገውን የምርመራ ውጤት ግን እዚያ አትጻፉ፤ ደብተሩን የመጣ ሁሉ ያገላብጠዋል።