ወደ ኩስኮና ማቹ ፒቹ ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙውን ጉዞ የሚያበላሸው የመጀመሪያው ቀን ነው። አውሮፕላኑ ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ፣ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ 3,400 ሜትር ላይ ያለችው ኩስኮ ያደርሳል። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አይሰማም፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል። ሰው ሲደርስ ደህና ስለሆነ ከተማዋን ሲዞር ይውልና ሌሊቱን በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ሲገላበጥ ያድራል።

«እኔ ደገኛ ነኝ፣ አይነካኝም» ማለትም ያው ስህተት ነው። አዲስ አበባ የምትቀራረበው 2,430 ሜትር ላይ ካለው ከጥንቱ የኢንካዎች ከተማ ፍርስራሽ ከማቹ ፒቹ ጋር ነው፤ ኩስኮ ከዚያ 1,000 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ለዓመታት ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የኖረ ሰው ደግሞ ሰውነቱ የለመደውን ከፍታ ከቆላው ከገባ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል።

ስለዚህ ኩስኮን ለመጨረሻ ያቆዩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ በመኪና «ቅዱሱ ሸለቆ» ወደሚባለው አካባቢ ወርደው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኦያንታይታምቦ ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ የማቹ ፒቹ ባቡርም ከዚያው ይነሳል። በመጀመሪያው ቀን አልኮል ይቅር፣ እራትም ቀለል ይበል። የከፍታ ሕመምን የሚከላከለው አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ከፍታው ላይ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ስለሚጀመር፣ ሐኪምዎን ከአገር ሳይወጡ ያማክሩ። መንገዳገድ ወይም ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርደው ሕክምና ያግኙ። ባለብዙ ቀለሙ የቪኒኩንካ ተራራ ከ5,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከአራተኛው ቀን በፊት አይሞከርም።

ሁለተኛው ጥፋት ትኬት ላይ ነው። የማቹ ፒቹ ትኬት ሰዓቱም የእግር መስመሩም አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ የሚቆረጠውም በፓስፖርት ቁጥር ነው። መስመር 1 ከላይ ሆኖ ፍርስራሹን ያሳያል እንጂ ከተማው ውስጥ አያስገባም። መስመር 3 በታችኛው ክፍል ያልፋል፤ ሁላችን በፎቶ የምናውቀውን እይታ አያገኙበትም። እይታውንም ከተማው ውስጥ መግባቱንም የሚፈልግ መስመር 2ን ይያዝ፤ ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነው። ከፍርስራሹ ጀርባ ያለውን የዋይና ፒቹ ተራራ የሚወጡ በመስመር 3 እንደሚገቡ አይዘንጉ። መጸዳጃ ቤት ያለው ከበሩ ውጭ ብቻ ነው።

ቦሌቶ ቱሪስቲኮ የሚባለው የጋራ ትኬት ሳክሳይዋማንን፣ ፒሳክንና ኦያንታይታምቦን ጨምሮ 16 ቦታዎችን ለ10 ቀን ያስገባል። ማቹ ፒቹ፣ ቆሪካንቻና የማራስ ጨው ማምረቻ ግን አይካተቱበትም። ለቆሪካንቻና ለማራስ የፔሩን ገንዘብ፣ ሶል፣ በጥሬው ይያዙ።

ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው በኢንካ መንገድ በእግር መሄድ ያሰበ ወራት ቀድሞ ይመዝገብ፤ በቀን የሚፈቀደው ተሸካሚዎችን ጨምሮ 500 ሰው ነው፣ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ ወር ላይ ደግሞ ይዘጋል።

የኮካ ቅጠል ሻይ ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ በየሆቴሉም ይቀርባል። ቅጠሉንም ሆነ የሻይ ከረጢቱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መመለስ ግን አሜሪካም ሆነ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ያስከስሳል። አንድ ስኒ እንኳ በሽንት ምርመራ ኮኬይን ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሥራው እንዲህ ያለ ምርመራ የሚጠይቅ ሰው ጭራሽ አይቅመሰው።