ኳንተም ፊዚክስ ንቃተ ህሊናንና ነጻ ፈቃድን ያስረዳል ሲባል ነገሩን እንዴት እንመርምር

በጎንደር ፒያሳ ቡና ቤት ተቀምጠው «በኳንተም ፊዚክስ (እንደ አቶምና ኤሌክትሮን ያሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን በሚያጠናው ሳይንስ) የቅንጣት ጠባይ አስቀድሞ ስለማይታወቅ የሰው ነጻ ፈቃድ በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ፣ ንግግሩን ከመቀበልዎም ሆነ ከመንቀፍዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይለዩ። ንቃተ ህሊና ከምን ይገኛል የሚለው አንድ ነው፤ ሰው በራሱ ፈቃድ ይመርጣል ወይ የሚለው ሌላ ነው። ለአንደኛው የቀረበ ማስረጃ ለሁለተኛው አይበቃም።

ቀጥሎ፣ «ተመልካች ሲያይ የቅንጣት ጠባይ ይለወጣል» ሲባል የሚጠራውን «ተመልካች» የሚለውን ቃል ይመርምሩ። ቃሉ ዓይንና ልቡና ያለውን ሰው ያስመስላል፤ በቤተ ሙከራ ግን ኤሌክትሮኖች በሁለት ቀዳዳዎች ሲላኩ ከኋላ ባለው መጋረጃ ላይ እንደ ሞገድ ዝንጉርጉር መስመር ይሠራሉ፤ ኤሌክትሮኑ በየትኛው ቀዳዳ እንዳለፈ የሚያሳይ ምልክት በመሣሪያ ላይ ከቀረ፣ ምልክቱን ማንም ባያነበውም ይህ መስመር ይጠፋል። የፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ዊግነር እ.ኤ.አ. በ1961 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ለንቃተ ህሊና ልዩ ቦታ ሰጥቶ ጽፎ ነበር፤ ኋላ ግን ራሱ ከዚያ ሐሳብ ተመልሷል።

ስለ አንጎል ሲነሣ የሚጠሩት የሒሳብና የፊዚክስ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝና የማደንዘዣ ሐኪሙ ስቱዋርት ሃመሮፍ ናቸው። ሁለቱ በ1990ዎቹ፣ ንቃተ ህሊና በነርቭ ሴል ውስጥ ባሉ ማይክሮቱቡል በተባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች ከሚካሄድ የኳንተም ክንውን እንደሚገኝ ሐሳብ አቀረቡ። (ፔንሮዝ በ2020 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በጥቁር ጉድጓድ ላይ በሠራው ሥራ ነውና ሽልማቱ ለዚህ ሐሳብ ምስክር አይሆንም።) እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጊዜ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቴግማርክ በ2000 ባወጣው ስሌት፣ እንደ አንጎል ባለ ሞቃትና እርጥብ አካል ውስጥ እንዲህ ያለው የኳንተም ሁኔታ ቢበዛ የሰከንድን አሥር ትሪሊዮንኛ ያህል ብቻ ይቆያል፤ የነርቭ ሴል ምልክት ግን ሚሊሰከንዶችን ይፈጃል። ሃመሮፍና ባልደረቦቹ ስሌቱን ተቃውመው ረዘም ያለ ጊዜ አቅርበዋል። ስለሆነም «ተረጋግጧል» የሚለውም «ፈርሷል» የሚለውም ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል፤ በእኔ ሚዛን ግን የማስረዳቱ ሸክም በፔንሮዝና በሃመሮፍ ላይ ነው።

ወደ ነጻ ፈቃድ ሲመጡ የእቁብ ዕጣን ያስቡ። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ ሆኖም ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን በፈቃዱ መረጠ አይባልም። በአንጎሌ ውስጥ ያለ አንድ ኤሌክትሮን በአጋጣሚ ወደ ግራ ቢያዘነብልና እኔም በዚያ ምክንያት እጄን ባነሣ፣ ድርጊቱ ከግድ ነጻ ቢሆንም የእኔ አይሆንም። አስቀድሞ አለመታወቅ የግድን በር ቢከፍትም በበሩ የሚገባው ፈቃድ ይሁን ዕጣ አይነግረንም።

በመጨረሻም የአለመታወቁን መነሻ ራሱን ይጠይቁ። ለዚህ የጎንደር ሰው የተዘጋጀ ልማድ አለው፦ በአንድምታ ትርጓሜ ንባቡ አንድ ሆኖ ሳለ መምህሩ «አንድም» እያለ ፍቺውን ያበዛዋል። የኳንተም ነገርም ከዚህ ይቀራረባል። በተለመደው ፍቺ ውጤቱ በእርግጥም ዕጣ ነው። አንድም፣ የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ቦም በ1952 እንዳቀረበው፣ ቅንጣቱ መንገዱ የተወሰነ ነው፤ ዕጣ የሚመስለው እኛ መነሻውን ስለማናውቅ ነው። አንድም፣ የፊዚክስ ሊቁ ሂው ኤቨሬት በ1957 እንዳለው፣ ሊሆን የሚችለው ሁሉ በየራሱ የዓለም ቅርንጫፍ ይሆናል። እነዚህ ፍቺዎች በተለመዱት ሙከራዎች አንድ ዓይነት ውጤት ይተነብያሉ። እንግዲህ ተከራካሪዎ በየትኛው «አንድም» ላይ ቆሞ እንደሚናገር አቦሉ ሳያልቅ ይጠይቁት፤ በቦም ፍቺ ከሆነ የነጻ ፈቃድ መከራከሪያው ከመነሻው ይወድቃል።