የምትወዷቸውን ቦርድ ጌሞች በደረጃ ስታስቀምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ የመጫወቻ ካርታ መግዛት ቀላል ነው። ፒያሳ ወርዶ አንድ ሱቅ መጠየቅ ነው። እንደ ካታን ወይም አዙል ያለ ቦርድ ጌም፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚጫወቱት ባለ ሳጥን ጨዋታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። ከዱባይ፣ ከጂዳ ወይም ከአሜሪካ የሚመለስ ዘመድ ይደውልና "ምን ላምጣልህ?" ይላል። መልሱ አንድ ስም ብቻ ነው መሆን ያለበት። ሻንጣው ውስጥ የእናት ልብስ አለ፣ የልጆች ጫማ አለ፣ መድኃኒት አለ። ለጨዋታ የሚተርፈው ቦታ ከአንድ ሳጥን አያልፍም።

ለዚህ ነው እኛ ጋ "የምወዳቸው 10 ጨዋታዎች" የሚል ዝርዝር ከወሬ በላይ የሚሆነው። አንዱ ያወጣውን ሌላው አይቶ ያስመጣል። ዝርዝሩ ከተሳሳተ ስንት ወር የተጠበቀ ሳጥን ሁለቴ ተከፍቶ ቁምሳጥን ላይ ይቀራል። ደሴም ኮምቦልቻም ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ደረጃ ስታወጡ ብትጠነቀቁላቸው የምላቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢንተርኔቱን ደረጃ ገልብጦ ማምጣት

ቦርድጌምጊክ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ከ2000 ጀምሮ የዓለም ተጫዋቾች ለጨዋታዎች ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡበታል። አማካዩን ደግሞ እንዳለ አያወጣም። ለእያንዳንዱ ጨዋታ መካከለኛ ነጥብ ያላቸው ብዙ ድምፆችን ራሱ ይጨምራል። እንዲህ የሚያደርገው ጥቂት ሰዎች 10 የሰጡት ጨዋታ ወዲያው አናት ላይ እንዳይወጣ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ።

ችግሩ ድምፅ ሰጪው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። አንደኛ ሆኖ የቆየውን ብራስ በርሚንግሃምን እንውሰድ። በ2018 የወጣ፣ በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ዘመን ላይ የተሠራ ጨዋታ ነው። ቦይ ትቆፍራላችሁ፣ ሐዲድ ትዘረጋላችሁ፣ ከሰልና ብረት ታመርታላችሁ። በጣም የታሰበበት ሥራ ነው። ግን ለለመደ ሰው እንኳ ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ ከ4 ሰው በላይም አያስተናግድም። እዚያ ድምፅ የሚሰጡት አብዛኞቹ ቤታቸው መደርደሪያ ሙሉ ሳጥን ያላቸው ሰዎች ናቸው። ካታን ደግሞ እዚያ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ የለም። ክላውስ ቶይበር በ1995 ጀርመን ውስጥ ያወጣው ይህ ጨዋታ ግን በዓለም ላይ ስንቱን ሰው ወደዚህ ነገር ያስገባ ነው። የመጀመሪያ ሳጥኑን የሚጠብቅ የኮምቦልቻ ልጅ ያንን ዝርዝር አምኖ ቢያዝ ይጎዳል።

የሰው ብዛት ሳይጽፉ ደረጃ መስጠት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። አንድ ጨዋታ ለ2 ሰውና ለ5 ሰው አንድ ዓይነት አይደለም።

ካርካሶንን አስቡት። በ2000 የወጣ፣ መሬት የሚገጣጠምበት ጨዋታ ነው። 72 ካሬ ቁራጮች አሉት፣ አንዷ መነሻ ናት። ለሁለት ስትጫወቱት እያንዳንዳችሁ 35 ገደማ ቁራጭ ታስቀምጣላችሁ። ዕቅድ ታወጣላችሁ፣ የሌላውን ከተማ እንዳይዘጋ ታደርጋላችሁ፣ ትቀማማላችሁ። ለአምስት ስትሆኑ ግን የሚደርሳችሁ 14 ገደማ ብቻ ነው። ተራችሁ እስኪደርስ ያሰባችሁት ቦታ ተይዟል። ለሁለት ሲሆን የሚያንገበግብ ትግል የነበረው ለአምስት ሲሆን ተራ መጠበቅ ይሆናል። አንዱ "ካርካሶን አንደኛ ነው" ሲል ሌላው "ይሰለቻል" ቢለው ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

አዙልም እንዲሁ ነው። ማይክል ኪስሊንግ በ2017 ያወጣው፣ ባለ ቀለም ቁራጮች እየሰበሰቡ ግድግዳ የሚያስጌጡበት ጨዋታ ነው። ለሁለት ሲሆን ለባለጋራችሁ ምን እንደምትተዉለት አስልታችሁ ነው የምታነሱት። የማይፈልጋቸውን ቁራጮች አሸክማችሁ ነጥቡን ታስቀንሱታላችሁ። ለአራት ሲሆን ያ ስሌት ይላላል፣ ጨዋታውም ለስለስ ይላል። እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ግን አንድ ደረጃ አልሰጣቸውም።

በተቃራኒው ኮድኔምስ ሰው ሲበዛ ነው የሚያምረው። ሰዉ ሁለት ቡድን ይሆናል፣ ጠረጴዛው ላይ 25 ቃላት ይደረደራሉ። የቡድኑ መሪ አንድ ፍንጭና አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል፣ ቡድኑ የራሱን ቃላት ለይቶ ያወጣል። ወሎ ላይ ኢድም ይሁን ገና የሁለቱም እምነት ዘመድና ጎረቤት አንድ ቤት ይሞላል። ስምንት አስር ሰው ተቀምጦ ካታን ብታወጡ ለአራት ሰው ብቻ ይሆንና ሌላው ቴሌቪዥን ያያል። ኮድኔምስን ብታወጡ ማንም ከጨዋታው ውጭ አይሆንም።

ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ከስሙ ጎን ቁጥሩን ጻፉ። "ካርካሶን፣ ለ2 ሰው፣ 1ኛ። ለ5 ሰው፣ 6ኛ።" በቃ፣ ይህ ይበቃል።

ሕጉን ሳያጣሩ መፍረድ

እኛ ጋ ሕግ የሚተላለፈው በአፍ ነው። አንዱ አዲስ አበባ ይማራል፣ መጥቶ ደሴ ላይ ያስተምራል፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በየመንገዱ አንድ ነገር ይጎድላል። የጎደለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታውን ያቆመው ምሰሶ ነው።

የባቡር መስመር በሚያዝበት ቲኬት ቱ ራይድ ላይ በተራችሁ ሁለት ካርድ ትስባላችሁ። ነገር ግን ገልጦ ከተቀመጠው ውስጥ የማንኛውም ቀለም ምትክ የሚሆነውን ሎኮሞቲቭ ካነሳችሁ እሱን ብቻ ይዛችሁ ተራችሁ ያልቃል። ይህን የማያውቅ ጠረጴዛ ሎኮሞቲቩን ወስዶ ሌላም ይጨምራል። ቀለም የመሰብሰብ ጭንቀቱ ይጠፋል። "ቀላል ነው፣ የልጆች ነው" የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

እንደ ስንዴና ጡብ ያሉ ካርዶችን እየሰበሰቡ በሚለዋወጡበት ካታን ላይ ደግሞ የሁለቱ ዳይስ ድምር 7 ሲወጣ ከ7 በላይ ካርድ የያዘ ሁሉ ግማሹን ይጥላል። ይህ ሲረሳ ሰው ስንዴና ጡቡን ያከማቻል። ማንም መለዋወጥ አይፈልግም። ንግድ የሌለበት ካታን ዳይስ መወርወር ብቻ ነው። "የዕድል ጨዋታ ነው" ብለው ዝቅ የሚያደርጉት ብዙዎች የተጫወቱት ይህንን ነው።

ደረጃ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሰው የሕጉን ደብተር ከዳር እስከ ዳር ያንብብ። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተጫወቱት። የመጀመሪያው ዙር መማሪያ ስለሆነ አይቆጠርም።

ማሸነፍን ከመውደድ ጋር መቀላቀል

ይህ አጭር ነው። ሁልጊዜ የምታሸንፉትን ጨዋታ ከፍ ማድረግ ተፈጥሯዊ ነው። ራሳችሁን የምትፈትኑበት መንገድ አለ፦ ባለፈው የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ ስታስቡ "አንድ ጊዜ እንድገም" ማለት ያምራችኋል? ካማራችሁ ቦታው ላይ ነው።

የሰዓቱን ነገር መርሳት

ሳጥኑ ላይ "60 ደቂቃ" ቢል ሕጉን ለሚያውቁ ሰዎች ነው። አዲስ ሰው ካለ እጥፉን ያዙ። እኛ ጋ ደግሞ ሰዓት ሌላ ትርጉም አለው። ከኮምቦልቻ የመጣ ጓደኛ ሳይመሽ ሐረጎን መውረድ አለበት። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። መሀል ላይ ተቋርጦ ነጥብ ሳይቆጠር የሚቀር ጨዋታ የቱንም ያህል ቢያምር ዝርዝሩ ላይ ከፍ ሊል አይገባም።

እኔ የምለካው በቡና ነው። ከአቦል እስከ በረካ የሚያልቅ ከሆነ የእሑድ ጨዋታ ነው። አዙል ያልቃል። ቲኬት ቱ ራይድ ከፈጠናችሁ ያልቃል። ብራስ አያልቅም።

ቋንቋውንና ሳጥኑን ሳያዩ ማስቀመጥ

ዊንግስፓን ግሩም ጨዋታ ነው። ኤልዛቤት ሃርግሬቭ በ2019 ያወጣችው፣ ስለ ወፎች ነው። ግን 170 የወፍ ካርዶች አሉት፣ አብዛኞቹም የየራሳቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላቸው። ጠረጴዛው ላይ አያቶች ወይም ትንንሽ ልጆች ካሉ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አስተርጓሚ ይሆናል። አዙል፣ ካርካሶንና ዲክሲት ግን ስትጫወቱ የሚነበብ ጽሑፍ የላቸውም። ዲክሲት እንደውም ለእኛ ሰው የተሠራ ይመስለኛል። ሥዕል ይዛችሁ ፍንጭ ትሰጣላችሁ። ሁሉም ካወቀው ነጥብ የላችሁም። ማንም ካላወቀውም የላችሁም። ለአንዳንዱ የሚገለጥ ለሌላው የሚሰወር ፍንጭ መፍጠር አለባችሁ። ሰምና ወርቅ ሲነገር እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዛውንቶች ወጣቶቹን ሲያሸንፉ ያየሁት ብዙውን ጊዜ በዚህ ጨዋታ ነው።

ክብደቱም ይቆጠር። ግሉምሄቨን ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ሳጥን ነው። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ከተፈቀደለት ዘመዳችሁ ግማሹን ሊሰጣችሁ ነው ማለት ነው። ማንን ደፍራችሁ ትጠይቃላችሁ?

ኮድኔምስ በዚህ በኩል የተለየ ነው። እቤት ይሠራል። የአማርኛ ቃላት በካርቶን ላይ ጻፉ። ከዚያ 5 በ5 ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ለሚጀምረው ቡድን 9፣ ለሌላው 8፣ ገለልተኛ 7፣ የነካው ቡድን የሚሸነፍባት 1። የሻንጣ ቦታ አይፈልግም። ይህ ብቻውን ሁለት ደረጃ ከፍ ሊያደርገው ይገባል ባይ ነኝ።

ገበጣንና ዳማን ንቆ መጀመር

"ዘመናዊ" ስለተባለ የራሳችን ጨዋታ ኋላ ቀር ሆነ ማለት አይደለም። የ2014ቱ ፋይቭ ትራይብስ መሠረቱ ገበጣ ነው። አንድ ቦታ ላይ ያሉትን አሻንጉሊቶች በሙሉ አንስታችሁ በየቦታው አንድ አንድ እየጣላችሁ ትሄዳላችሁ። ስቴፋን ፌልድ በ2011 ያወጣው ትራያንም የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ዘዴ ነው። ገበጣ የሚያውቅ ሰው የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ በዓይኑ ይቆጥራል። ስለዚህ "ለጀማሪ ይከብዳል" ብላችሁ ዝቅ ከማድረጋችሁ በፊት ጀማሪው ማን እንደሆነ እዩ።

አማካይ አውጥቶ መተው

ቡድኑ አንድ ላይ ደረጃ ሲያወጣ ሁሉም ነጥብ ይሰጣል፣ ይደመራል፣ ይካፈላል። አራት ሰው ለአንድ ጨዋታ 10፣ 10፣ 2፣ 2 ሰጠ እንበል። አማካዩ 6 ነው። ለሌላው ሁሉም 6 ሰጡ። እሱም 6 ነው። በወረቀት እኩል ናቸው። ግን 2 የሰጡት ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው እሑድ "ሥራ አለብኝ" ይላሉ። በትንሽ ከተማ አራተኛ ተጫዋች ማግኘት ከሳጥኑም ይከብዳል። እኔ ከአማካዩ በፊት ዝቅተኛውን ነጥብ ነው የማየው።

የተሻለው ዘዴ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መጠየቅ ነው። "ዛሬ ከሁለቱ የትኛውን እናውጣ?" ለ10 ጨዋታዎች 45 ጥያቄ ይሆናል። ቡና እየጠጣችሁ ያልቃል። አንዳንዴ ግን ውጤቱ ይዞራል። አንዱ ካታን፣ አዙል፣ ዲክሲት ብሎ ይደረድራል። ሌላው አዙል፣ ዲክሲት፣ ካታን። ሦስተኛው ዲክሲት፣ ካታን፣ አዙል። ቁጠሩት፦ ካታን አዙልን ሁለት ለአንድ ያሸንፋል፣ አዙል ዲክሲትን፣ ዲክሲት ደግሞ ካታንን። ይህን ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ገና በ1785 ጽፎታል። ማንም አልተሳሳተም። ሦስቱንም እኩል አስቀምጧቸውና እለፉ።

ሁሉንም በአንድ መስመር መደርደር

ፓንደሚክ ላይ ሁላችሁም በአንድ ወገን ሆናችሁ በሽታን ትዋጋላችሁ። ትዋይላይት ስትራግል ላይ ሁለት ሰው አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት ሆኖ ካርታው ላይ ያለችውን ኢትዮጵያን ጨምሮ ዓለምን ይሻማል። እነዚህን በአንድ መስመር "4ኛ፣ 5ኛ" ማለት ለማንም አይጠቅምም። ሁለት ሦስት አጫጭር ዝርዝሮች ይሻላሉ፦ ለሁለት ሰው፣ ለቤተሰብ፣ ለበዓል።

የእኔን ላስቀምጥ። ለ4 ሰው፣ አዲስ ሰው ባለበት፣ እሑድ ከሰዓት። 1ኛ ቲኬት ቱ ራይድ፦ ኮምቦልቻ ላይ የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ያየ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። 2ኛ አዙል። 3ኛ ዲክሲት፣ ሽማግሌ ካለ 1ኛ ይሁን። 4ኛ ካታን፣ የ7ቱ ሕግ ሳይጓደል። 5ኛ ፓንደሚክ፣ አንዱ ለሁሉም የማያዝበት ጠረጴዛ ከሆነ። ካርካሶን እዚህ የለም፣ የሁለት ሰው ዝርዝሬ ላይ አንደኛ ነው። አጎት ነገ ቢደውል የማዘው ግን አዙልን ነው። ቲኬት ቱ ራይድ ያለው ጓደኛ እዚሁ ደሴ አለ።