ሞተርሆም ሲናወጥ ጥፋቱ የሾክ አብዞርበሩ ነው? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሞተርሆማችሁ (መኖሪያ ቤት የተሰራበት መኪና) መንገድ ላይ እየናጠ አላስቀምጥ ካላችሁ፣ ሾክ አብዞርበር ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አራት አዲስ ሾክ ቀላል ወጪ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ቀይሮም ችግሩ እንዳለ ይቀራል፤ ምክንያቱም ሾክ የማይፈታውን ነገር ከሾክ ስለሚጠብቅ ነው።

ክብደት የሚሸከመው ሞላው፣ ባሌስትራው ወይም የአየር ከረጢቱ (በሞላ ፈንታ ወይም ሞላውን እያገዘ መኪናውን የሚይዘው በአየር የተሞላ ላስቲክ) ነው። የሾኩ ስራ የእነሱን መወዛወዝ መግታት ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቫልቮች ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ በቃ። ስለዚህ ችግሩ የሚመጣው መኪናው ሲንቀሳቀስ ከሆነ ሾኩን መጠርጠር ይቻላል። ቆሞም የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኋላው ወርዶ ከተቀመጠ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሞተርሆም ላይ ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ምክንያት አለ። ሾኩ አብዛኛውን ጊዜ ከሻንሲው (ቤቱ ከሚቀመጥበት የመኪናው የታችኛው አካል) ጋር ነው የሚመጣው፤ ቤቱ የሚሰራበት ከዚያ በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ኩባንያ። ለሞተርሆም የሚውለው የፊያት ዱካቶ ወይም የመርሴዲስ ስፕሪንተር ሻንሲ አንዴ ባዶ አንዴ ሙሉ ለሚሄድ የእቃ መኪናም ያገለግላል። ሞተርሆም ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ቁም ሳጥኑ ሁሌም አብሮ ይሄዳል፣ በዚያ ላይ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ከኋላ ጎማ አልፎ የሚንጠለጠለው አካልም ብዙ ነው። ለዚህ ነው የፋብሪካው ሾክ ገና አዲስ ሳለ እንኳ የሚያንሰው።

ከሁሉ በፊት ሚዛን

ለጉዞ እንደምትወጡ አድርጋችሁ ጫኑና መኪናውን አስመዝኑት። የፊትና የኋላ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ የሚያያዝበት ዘንግ) ለየብቻ፣ ከተቻለ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ቢመዘን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ መሆኑን አትርሱ። ቀጥሎ የጎማውን ንፋስ የጎማው አምራች ለዚያ ክብደት ባወጣው ሰንጠረዥ መሰረት ሙሉ። ብዙ ሰው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር አይቶ እስከዚያ ይሞላል፤ ከዚያ መኪናው ደረቀ ብሎ ሾኩን ይወቅሳል። ይሄን ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ከጉብታ በኋላ መወዛወዙ አያቆምም

አፍንጫው ይነሳል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። ይሄ ግልጽ የሾክ ድካም ነው። ሾኩ ሲዘረጋ የሚገታበት ኃይል አልቋል ማለት ነው። ትንሽ መኪና ላይ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ ይሰራል፤ ብዙ ቶን ለሚመዝን ሞተርሆም ግን ያ ፈተና ምንም አይነግራችሁም። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ወጣ ገባ በሆነ መንገድ ጥቂት ነድታችሁ ቁሙና የሾኮቹን ሙቀት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለኩ፣ በባዶ እጅ አትንኩ ሊያቃጥል ይችላል። የሚሰራ ሾክ ይሞቃል። አንድ አክስል ላይ ካሉት አንዱ ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ስራ አቁሟል። አካሉ ላይ ቀጭን የዘይት እርጥበት ብቻ ካያችሁ አትደንግጡ። ዘይቱ ወርዶ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሾኩ አልቆለታል። ጎማው ላይ እዚህም እዚያም የተቦረቦረ ቦታ ካለም ሾክን ጠርጥሩ፣ የጎማውን ባላንስም አብራችሁ አስፈትሹ።

ትንንሽ ስንጥቅ ሁሉ አጥንት ድረስ ይሰማል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ሰው "ጠንካራ ሾክ ልግጠም" ይላል፣ ጠንካራው ደግሞ ያባብሰዋል። የጎማው ንፋስ ልክ ከሆነ ከስር ገብታችሁ በአክስሉና አክስሉ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ በሚያግደው የላስቲክ ማቆሚያ መካከል ምን ያህል ክፍተት እንዳለ እዩ። በጭነት ብዛት ሞላው ወርዶ አክስሉ ማቆሚያው ላይ ሊያርፍ ከደረሰ ያ የምትሰሙት ምት ከሾክ አይደለም። መፍትሄው ጭነት መቀነስ፣ ባሌስትራ ማጠናከር ወይም ረዳት የአየር ከረጢት መግጠም ነው። ክፍተቱ በቂ ሆኖ አሁንም የሚደበድብ ከሆነ ያኔ ድንገተኛ ምት ሲመጣ የሚለሰልስ ሾክ ፈልጉ። የኮኒ ኤፍ ኤስ ዲ ሾክ ለዚህ የተሰራ ነው፦ ፈጣኑን ትንሽ ንዝረት ለስልሶ ያሳልፋል፣ የአካሉን ዘገምተኛ መወዛወዝ ግን አጥብቆ ይይዛል።

ኩርባ ላይ ያጋድላል፣ ከባድ መኪና ሲያልፈው ይገፋል

ሾክ ማጋደሉን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በረጅም ኩርባ ላይ ምን ያህል እንደሚያጋድል የሚወስኑት ሞላውና ስታቢላይዘሩ (ግራና ቀኙን አያይዞ ማጋደልን የሚቀንሰው ዘንግ) ናቸው። መጀመሪያ የስታቢላይዘሩን ጎሚኒዎች (መያዣው ላይ ያሉትን ላስቲኮች) እዩ፣ ካለቁ እነሱን መቀየር ርካሽ ነው። ኋላው ወደ ጎን የሚወናጨፍ ከሆነ ደግሞ አክስሉ ራሱ በባሌስትራው ላይ ወደ ጎን እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ አክስሉን ከሻንሲው ጋር አግድም የሚያስር ዘንግ ያንን ይይዘዋል። መሪው ዝም ብሎ የሚቅበዘበዝ ከሆነ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ)፣ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መገጣጠሚያ) እና የመሪ ሳጥን ይታዩ። የሾክ ድርሻ እዚህ ጋ ትንሽ ነው።

አሁን ሾክ ነው ከተባለ፣ የቱን?

በሞተርሆሙ ቤት ሰሪ ስም አትዘዙ። ሻጩ የሚፈልገው የሻንሲውን ዓይነት፣ የተሰራበትን ዓመት፣ የአክስሉን የክብደት ልክና የሻንሲ ቁጥሩን ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሞተርሆሞች በተለያየ ሻንሲ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ።

ሁለት ዓይነት አሰራር ታገኛላችሁ። ባለ ሁለት ቱቦው ርካሽና ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን ረጅም ወጣ ገባ መንገድ ላይ ሲሞቅ ዘይቱ አረፋ ሊሰራና ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል፤ ጋዝ የተሞላበት ሲሆን ይሄ ይቀንሳል። ባለ አንድ ቱቦው፣ ቢልስታይን የሚታወቅበት ዓይነት፣ ከፍ ባለ ግፊት ናይትሮጅን ስላለውና ጋዙ ከዘይቱ በተንሸራታች ፒስተን ስለሚለይ አረፋ አይሰራም፣ ሙቀትም ቶሎ ያስወጣል። ለከባድ ሞተርሆም እኔ ወደዚህኛው ወይም የሚስተካከል ወደሆነው አዘነብላለሁ። የሚስተካከለውን ከገዛችሁ ከለስላሳው ጀምሩ፣ ካነሰ ጨምሩ። መጀመሪያውኑ እስከ ጥግ አጥብቆ መግጠም መኪናውን ድርቅ ነው የሚያደርገው።

ቁጥሩ ካታሎግ ላይ ስላለ ብቻ አትመኑ፣ ለኩ። ሙሉ ሲዘረጋ ያለው ርዝመት፣ ሙሉ ሲጨመቅ ያለው ርዝመት፣ የማሰሪያው ዓይነት ቀለበት ነው ወይስ ዘንግ፣ የብሎኑ ውፍረት። በተለይ ሞላ ቀይራችሁ ወይም ከረጢት ጨምራችሁ ከሆነ የመኪናው ከፍታ ተለውጧልና የድሮው ርዝመት ላይሆን ይችላል። ከፍታውን አስተካክላችሁ ጨርሱና ከዚያ ለሾክ ለኩ። በአየር ከረጢት ብቻ የሚቆሙ ትልልቅ ሞተርሆሞች ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። ብዙዎቹ ላይ አክስሉ ወደ ታች እንዳያልፍ የሚይዘው ሾኩ ነው፤ የረዘመ ከገጠማችሁ ከረጢቱ ከልኩ በላይ ይለጠጣል።

የግድ በጥንድ ቀይሩ፣ የአንድ አክስል ሁለቱንም ጎን።

ተገጥሞ ከተንኳኳ

አብዛኛውን ጊዜ ሾኩ ተበላሽቶ አይደለም። ወይ ብሎኑ በተባለው ልክ አልጠበቀም፣ ወይ ርዝመቱ ልክ ስላልሆነ ጫፉ ላይ ይመታል። ሌላው ብዙ መካኒክ የሚዘነጋው ነገር ነው፦ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ብሎኑን አስገቡ፣ መኪናውን በጎማው አቁሙት፣ ከዚያ አጥብቁ። ባለ ሁለት ቱቦ ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ጥቂት ጊዜ ሳቡና ግፉት፣ ተኝቶ በቆየበት ጊዜ የገባበት አየር ይወጣል።

ከስር ስትገቡ ሻንሲውን በጠንካራ ማቆሚያ ደግፉ። የአየር ከረጢቱን ወይም ለማስተካከያ የሚወርዱትን የሃይድሮሊክ እግሮች በፍጹም አትመኑ፣ ግፊታቸው ከለቀቀ መኪናው በአንዴ ይወርዳል። የጋዝ ሾክ የታሰረበትን ማሰሪያ ስትፈቱ ዘንጉ በኃይል ስለሚዘረጋ ፊታችሁን አርቁ። ዱካቶ ላይ እንዳለው የፊት ሾኩ ከሞላ ጋር አንድ ላይ የተሰራ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ አትፍቱት፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ይገድላል። ትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ላለው ጋራዥ ስጡት፣ ሲጨርስም አላይመንት አሰሩ።