የፉርጎው መያዣ ሲወፍር

ሞዴል ባቡር ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከፋብሪካ በሚመጣ ርካሽ ፉርጎ ላይ የበሩ መያዣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው። ወፍራም ነው፣ ያስጠላል። በምላጭ ቀስ ብላችሁ ላጩትና በሽቦ ተኩት።

የእውነተኛው ብረት ውፍረት 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ1፡87 ሞዴል (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) 0.34 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህን ያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሱቅ ለሱቅ አትፈልጉት። እኔ እዚህ አዳማ ሞተር የሚጠቀልሉ ልጆች ጋ ሄጄ ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ለመንኩ። «ለባቡር ነው» ስል ሳቁብኝ፤ ግን አንድ ጭብጥ ሰጡኝ። ዕድሜ ልኬን ይበቃኛል።

ቀዳዳውን በጋለ መርፌ እንዳትበሱት። ፕላስቲኩ ቀልጦ ዙሪያውን ያብጣል፤ አንድ ፉርጎ አበላሽቼበታለሁ። በቀጭን መሰርሰሪያ በእጅ አዙሩት። ሱፐር ግሉውንም ከውስጥ በኩል ጠብ አድርጉ፤ ከውጭ ከሆነ ነጭ ጭጋግ ይተዋል።

የድሮውን የጅቡቲ ባቡር የምትሠሩ ደግሞ ሀዲዱን እዩት። በድሮው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። በዚሁ ልኬት 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ነው የሚሆነው። የ16.5 ሚሊ ሜትሩ ሀዲድ ለአዲሱ የጅቡቲ መስመር ነው።