የቮልስ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ግቢ ውስጥ ስትቀይሩ የምትሰሯቸው ስህተቶች

ባለፈው አንድ የሰፈር ልጅ ከአባቱ የወረሳትን ካርማን ጊያ እያስጮሃት መጣ። ቀይ ናት፣ መሬት የምትልስ፣ ላያት ሰው የውድድር መኪና ነው የምትመስለው፣ ከስር ግን ያው ቮልስ ነች። የግራውን የኋላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት) ግቢው ውስጥ ራሱ ቀይሮት በሶስተኛው ቀን እንደገና መጮህ ጀመረ። "ጋሼ፣ እቃው ፎርጅድ ነው መሰለኝ" አለኝ። እቃው ምንም አልነበረም፣ እሱ ነው በመዶሻ የገደለው። እዚህ ደሴ ይሄንን ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት ወላሂ ሰልችቶኛል፣ ለዛ ነው ዛሬ የምጽፈው። ቤት ውስጥ መስራታችሁን ግን አልቃወምም፣ አብሽሩ፣ የሚቻል ስራ ነው።

መጀመሪያ ጩኸቱ የኩሽኔታ መሆኑን ሳታረጋግጡ ምንም አትፍቱ። ያረጀ ጎማም እንደዛ ይጮሃል። እኛ ሐረጎ የሚባል መፈተሻ አለን፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ መታጠፊያው መአት ነው፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ክብደቱ ግራ ጎማ ላይ ይወድቃል፣ ያኔ ጩኸቱ ከጨመረ ግራውን ጠርጥሩ፣ በተቃራኒው ከሆነ ቀኙን።

የመኪናችሁን አይነት ሳታውቁ ደግሞ እቃ አትግዙ። ተኝታችሁ ከስር እዩ። አክስሉ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ወፍራም ቱቦ ውስጥ ገብቶ የላስቲክ ሽፋኑ በካምቢዮው በኩል ብቻ ከሆነ የድሮው ነው፣ ኩሽኔታው በካምቢዮ ዘይት ነው የሚሰራው፣ ግራሶ አይጠቀጠቅበትም። አክስሉ ራቁቱን ሆኖ በሁለቱም ጫፍ ላስቲክ ካለው (1302 እና 1303 የሚባሉት የቮልስ ሞዴሎች እንደዛ ናቸው) እሱ ነው ግራሶ የሚፈልገው። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፣ "የቮልስ ስጠኝ" ብሎ መግዛት የለም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፣ ዳዶው። ታምቡሩን (ጎማው የሚታሰርበትን፣ ፍሬኑ ውስጡ ያለውን ክብ ብረት) አክስሉ ላይ የያዘው 36 ቁልፍ የሚገባበት ትልቁ ዳዶ። ሰው ሁሉ "ጠብቋል ጠብቋል" ይላል፣ አልጠበቀም! ልኩ 30 ኪሎ ግራም ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ማለት 1 ሜትር ከ20 የሆነ ቱቦ አግድም አድርጋችሁ ጫፉ ላይ 25 ኪሎ ጤፍ ብታንጠለጥሉ ማለት ነው፣ በአንድ ክንድ ቁልፍ እያቃሰታችሁ የምትጨርሱት ነገር አይደለም። ቶርክ ቁልፍ ከሌላችሁ ቱቦ ፈልጉ። ሌላው ጉድ ደግሞ ኮፒሊያው ነው፣ ዳዶው እንዳይላላ በዳዶውና በአክስሉ ቀዳዳ የምትገባው ሽቦ። ሰውየው በስንት ስቃይ ያጠብቅና ቀዳዳው አልገጥም ሲለው ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ኧረ ተው! ቀዳዳው ካልገጠመ ወደፊት ነው የሚኬደው፣ እስከሚቀጥለው ቀዳዳ አጥብቅ፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ዳዶው ከላላ ታምቡሩ በአክስሉ ጥርስ ላይ መጫወት ይጀምራል፣ ፍሪሲዮን በለቀቃችሁ ቁጥር ከኋላ "ቋ" የምትል ድምጽ ትሰማላችሁ፣ ያቺ ድምጽ የታምቡሩን ጥርስ እየበላች ነው።

ከየት አወቅህ አትሉኝም? ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው አመት የራሴን ቮልስ እንደዛው አድርጌ ዘጋሁት። "ቋ" ሲል ለሁለት ሳምንት ሰምቼ ዝም አልኩ። አንድ ሰኞ እናቴን ባቲ ገበያ ወስጄ ስንመለስ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ፍየል ጭነናል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ሐረጎን እየወጣን ድንገት ሞተሩ ብቻውን ጮኸ፣ ፍየሏም ጮኸች፣ መኪናው ቆመና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ጥርሱ ተላጭቶ አክስሉ ታምቡሩ ውስጥ ባዶውን ነበር የሚዞረው፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ደግሞ ሁሉንም ወደዛ ወደ ላላው ይሰጠዋል፣ ደህናው ጎማ አይገፋም። ፍሬኑ ስለያዘ ነው የተረፍነው። እናቴ ወርዳ ድንጋይ ከጎማው ስር አስገባች፣ ከዛ "እኔ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ፍየሏን ግን አንተ ታመጣታለህ" ብላኝ ሄደች። እስከዛሬ ታነሳዋለች።

ዳዶውን ስትፈቱ ደግሞ መኪናው መሬት ላይ እያለ፣ የጎማውን ኮፓ አንስታችሁ፣ ኮፒሊያውን አውጥታችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ፍቱ። በክሪክ የተነሳ መኪና ላይ በቱቦ የሚወዛወዝ ሰው አይቼ አይኔን ጨፍኛለሁ።

የድሮው አይነት ከሆነ የምትሰሩበትን ጎን ከሌላው ከፍ አድርጋችሁ ስታንድ ላይ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ የኩሽኔታውን ክዳን ስትከፍቱ የካምቢዮው ዘይት ግቢያችሁን ያጥባል። የፈሰሰውን መተካት አትርሱ፣ 90 ዘይት ነው፣ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ።

አሮጌ ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ላስቲክ) መልሶ መግጠም ስግብግብነት ነው። ኦሪንጎቹም (ቀጫጭኖቹ የላስቲክ ቀለበቶች) እንደዛው። ግን አዲስ ሲል ገጥማችሁም ካፈሰሰ ሲሉ ውስጥ የምትሽከረከረዋን ስፔሰር (የብረት ቀለበት) እዩ፣ በጥፍራችሁ ስትዳስሷት መስመር ካለባት ቀይሯት፣ ካለዚያ ዘይቱ የፍሬን ሸራው ላይ ነው የሚሄደው። ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ የዘይት ማውጫ ቀዳዳ ወደ ታች ትሁን። የወጣውን እቃ በቅደም ተከተል ሽቦ ላይ ሰኩት፣ ከሳፋ ውስጥ እየለቀሙ መገመት ይቅር። የታምቡሩን አቧራ በአፍም በአየርም አትንፉት፣ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ወደ ልጁ ኩሽኔታ ልመለስ። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበትና መሀል ኳሶች ነው። አክስል ላይ ስታስገቡት ጠበቅ የሚለው የውስጠኛው ቀለበት ነው፣ ስለዚህ የሚገፋው የውስጠኛው ነው፣ ልኩ የሆነ ቱቦ ውስጠኛው ላይ ብቻ አስቀምጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ትገፉታላችሁ። የውጪውን ከመታችሁት ምቱ በኳሶቹ በኩል ነው የሚያልፈው፣ እያንዳንዱ ኳስ የተቀመጠበት ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ይሰራል። አላምን ሲለኝ ያወጣነውን ኩሽኔታ የውጪ ቀለበቱን በግራይንደር ቆርጬ ከፈትኩለትና የውስጠኛውን "ዳስሰው" አልኩት፣ ጥፍሩ እኩል እኩል እየተራራቀ ቆም ቆም ሲል ፊቱ ተለወጠ። "እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የመታሁት ጋሼ" አለ።

አዲሱን ራሱ እንዲያስገባው አደረግኩት፣ እኔ ቱቦውን ብቻ ቀጥ አድርጌ ያዝኩለት። ታምቡሩ ገባ፣ መኪናውን ካወረድናት በኋላ ዳዶውን በቱቦ አጠበቀ፣ ቀዳዳው አልገጠመም፣ አየኝ፣ ሳልናገረው ወደፊት ጨመረ። ገጠመ። ልክ ኮፒሊያውን ሲያነሳ ባለቤቴ "ቡና ደረሰ፣ ሁለተኛው ነው" ብላ ጠራች። ኮፒሊያውን ኪሱ ከቶ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ ቁጭ አደረግኩት። ቡናው በረካው ላይ ደረስንበት።