የቤተ ክርስቲያን ደን ራሱን እየተካ መሆኑን እንዴት እናጠናለን?

በጎጃምና በደቡብ ጎንደር፣ በእርሻ ማሳ ተከበው እንደ ደሴት የቆሙት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሥነ ምኅዳርን በተግባር ለሚማር ሰው እጅግ የተመቹ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ጥዱና ወይራው ጥቅጥቅ ብሎ ደኑ ደኅና ይመስላል፤ ዋናው ጥያቄ ግን ትልልቆቹ ሲወድቁ የሚተካቸው ቡቃያ ከሥራቸው አለ ወይ የሚለው ነው።

አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ይጠቅማል። በደኑ ውስጥ ያለው ወይራ ሁሉ አንድ ላይ ፖፑሌሽን ይባላል። ወይራው፣ ጥዱ፣ ቁጥቋጦው፣ ወፉና ጉንዳኑ ተደምረው ማኅበረሰብ ይሆናሉ፤ አፈሩ፣ ውኃውና ብርሃኑ ሲጨመሩበት ደግሞ ሥርዓተ ምኅዳር ይባላል። “ደኑ እንዴት ነው?” የሚለውን ማንም ሊለካው አይችልም፤ “የወይራ ቡቃያ ከጠርዙ ይልቅ በመካከል ይበዛልን?” የሚለው ግን ተቆጥሮ ይመለሳል።

ሥራው የሚጀመረው የደብሩን አስተዳዳሪና ካህናቱን ፈቃድ በመጠየቅ ነው፤ የመቃብሩን ስፍራና ጫማ የሚወለቅበትን ወሰን የሚያሳዩትም እነርሱ ናቸው።

ዛፉን ሁሉ መቁጠር ስለማይቻል ናሙና ይወሰዳል፤ እኔ እንደማምነው ብዙ ጥናት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ሳይታወቀው እግሩ ወደሚመቸው ቦታ ይሄዳል፣ ቀጋና አጋም የበዛበትን ጥሻ ያልፈዋል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ እስከ ደኑ ጠርዝ ድረስ በኮምፓስ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይውጡ፤ የመጀመሪያው የናሙና ቦታ በዕጣ ይወሰን፣ የቀሩት ከእርሱ ጀምሮ በእኩል ርቀት ይቀመጡ፤ እሾህ ላይ ቢያርፍም ቦታው አይቀየርም።

ለዛፍ 20 በ20 ሜትር የሆነ ካሬ በችካልና በሲባጎ ይከለላል፤ ዳገት ላይ ሲባጎው የመሬቱን ተዳፋት ሳይከተል አግድም ይወጠር። ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች እያንዳንዳቸው 28.3 ሜትር ገደማ ከሆኑ ማዕዘኖቹ ትክክል ናቸው። በካሬው ውስጥ ያለው የእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካና ለ3.14 ይካፈላል፤ ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥድ ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ካሬው የአንድ ሄክታር 25ኛ እጅ በመሆኑ 11 ጥድ ቢገኝበት በሄክታር 275 ይሆናል፤ ስለ ደኑ ለመናገር ግን የካሬዎቹ ሁሉ አማካይ ያስፈልጋል።

ቡቃያ የሚቆጠረው በዚያው ውስጥ በሚከለሉ 2 በ2 ሜትር ካሬዎች፣ ተንበርክኮ ሣሩንና የረገፈውን ቅጠል በእጅ እየገለጡ ነው። የጥድ ቡቃያ ቅጠል እንደ መርፌ የሾለ ሲሆን የትልቁ ዛፍ ቅጠል ግን እንደ ቅርፊት ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ፣ ትልቁን ብቻ የሚያውቅ ሰው ትንሹን አረም መስሎት ያልፈዋል። የወይራው ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ቡቃያ ቁጥር ይሰጠው፤ በጥቅምት የተቆጠረው በግንቦት እንደገና ይታይ፤ ክረምት ያበቀለውን ሁሉ በጋው አያሳልፈውምና።

መረጃው በውፍረት ደረጃ ተከፋፍሎ በግራፍ ሲቀመጥ፣ ራሱን በሚተካ ዝርያ ዘንድ ቀጫጭኑ ብዙ፣ ወፋፍራሙ ጥቂት ሆኖ ይታያል። ሆኖም ጥድ ብርሃን ፈላጊ በመሆኑ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር ቡቃያው መታጣቱ ብቻውን የአደጋ ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ከብት በሚገባበት ቦታ ቡቃያ ማነሱም ጥፋቱ የከብቱ መሆኑን አያረጋግጥም፤ አፈሩ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካሬዎች ይመረጡና አንዱ በዕጣ ይታጠራል፣ ሌላው ክፍት ይተዋል፤ በሁለቱም እኩል ዘር ይዘራል፤ ይህም በደኑ ልዩ ልዩ ቦታዎች ይደገማል። የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ከብት እንዳይገባ በመከልከል ባደረጉት ጥናት ቡቃያ በታጠረው ቦታ የተሻለ መጽደቁን አሳይተዋል፤ በአንዳንድ ደኖች ዙሪያም የድንጋይ አጥር ተሠርቷል።

ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ከካርታው ጋር ለደብሩ ይመለስ፤ ቡቃያ የታጣበትና የከብት ዱካ የበዛበት ጎን ካርታው ላይ ከታየ ካህናቱና ምእመናኑ ድንጋዩን ከየት በኩል መደርደር እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።